ለኢስታድ የታዘዘ እንቁላል

ቢቢ ሳቭሪን የሚያማ ሰው ሳንግዳራ መንደር ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። እኔም አላማቸውም። ግን ልናገር፤ በሃያ ሁለት ዓመት የነርስነት ዕድሜዬ እንደ እሳቸው አቅም ያሳጣኝ ሰው የለም። ተቅማጥ አሸንፌአለሁ፣ ኩፍኝ አሸንፌአለሁ፣ ምጥ የያዛትን ሚስቱን አላሳይም ብሎ በር የዘጋብኝን ባል በጫማዬ አሸንፌአለሁ። የአንዲት አሮጊት ደግነት ግን አቃተኝ።

ቢቢ ሳቭሪ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከማዶ መንደር በአህያ ተጭነው፣ ለወፍጮ ጠባቂው ሙሽራ ሆነው መጡ። ባልየው ዝምተኛና ቆጣቢ፣ እሳቸው ሳቂታና ለጋስ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ተራራው ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ፣ አሥራ አንድ ስደተኞች በራቸውን አንኳኩ። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ቁና ዱቄት ነው። ቢቢ ሳቭሪ ሁሉንም አቡክተው ጋገሩት። ባልየው፣ «ነገ ምን ልንበላ ነው?» ሲላቸው፣ «ነገም እንግዳ ነው፤ ሲመጣ እናየዋለን» አሉት። ነገ መጣ፣ አዩትም። የተቀቀለ ሳር በልተው በረዶውን አለፉ፤ ባልየው ግን በጸደይ ሞተ። ከሸለቆው ታች እስከ ላይ ያለ ሰው ይህን ታሪክ ያውቃል። ሹፌሮች በዚያ ቤት ሥር ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፋሉ። ለአሮጊቷ የቀረላቸው ሀብት ይኸው ነው፤ ከሳቭሪ ቤት ሆዱ ባዶ የወጣ እንግዳ የለም መባል።

ልጃቸው ራጃብ እንደ ጎረምሶቻችን ሁሉ ሩሲያ ሄዶ ግንብ ይገነባል። ሚስቱ ባርኖ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ባርኖ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀበረች። ሦስተኛው ሲወለድ ቢቢ ሳቭሪ ኢስታድ አሉት፤ «ቆየ» ማለት ነው። ልጅ አልቆይ ያለበት ቤት የሚያወጣው ስም ነው።

ይህ ኢስታድ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት መስከረም መጀመሪያ ላይ በሚዛኔ መንጠቆ ሰቀልኩት። ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ። እግሩ የሸንበቆ ያህል፣ ዓይኑ ብቻ ትልቅ። ለወረዳው ሐኪም ስልክ ደወልኩ። «ሌላ በሽታ የለበትም። መብላት አለበት። ዘጠኝ ኪሎ ሳይሞላ በረዶው መንገዱን ከዘጋ ግን፣ የመጀመሪያው ሳል ይወስደዋል» አለኝ። በረዶው ኅዳር ላይ ይዘጋል። አሥራ አንድ ሳምንት አለን ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። ባርኖንና ቢቢ ሳቭሪን አጠገቤ አስቀመጥኩና አንድ በአንድ አስረዳሁ። ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሻይ በዳቦ ነው የሚበላው፤ ሻይ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ሥጋ አይሆነውም፤ ይቅር። በቀን አምስት ጊዜ ይብላ፣ ጥቂት ጥቂት። ገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ። ከጓሮው ዛፍ የሚረግፈው ለውዝ ከደረቀው እንጆሪ ጋር ይወቀጥና በፍየሏ ወተት ይታሽለት። ሽምብራ ተቀቅሎ ይፈጭ። እርጎ። ከሁሉም በላይ በየቀኑ አንድ እንቁላል።

«ዶሮ የለንም» አለች ባርኖ ቀስ ብላ።

በማግስቱ ከራሴ ዶሮዎች ምርጧን፣ ገብስማዋን፣ በቅርጫት ይዤላቸው ወጣሁ። ቢቢ ሳቭሪ እጄን ይዘው አለቀሱ። «አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ሳኖባር ጆን። እኔ ምን አደርግልሻለሁ?» «ጆን» ሲሉ ነፍሴ ማለታቸው ነው።

«ኢስታድን ያወፍሩልኝ። በየሐሙሱ መጥቼ እመዝነዋለሁ።»

አፈር በበላሁ! በየሐሙሱ እመጣለሁ ያልኩበት ምላሴ ነው ጉድ ያፈላው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቼ ስደርስ ዳስታርኮኑ ተነጥፏል። ያ የማዕድ ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ ሳይቀምሱ መነሳት የባለቤቱን ፊት በጥፊ መምታት ነው። የክብሩ ቦታ፣ ላይኛው ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። አምስት እንቁላል በቅቤ ተጠብሶ መጣ፣ ከጎኑ የተወቀጠ ለውዝ በእንጆሪ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን እርጎ። ርቦኛል፤ ደግሞ ሰውነቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ለእኔ መብላት ጭንቅ ሆኖብኝ አያውቅም። ጠርጌ በላሁ። ዶሮዋ ጎበዝ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ልጁን መዘንኩት፤ ያው ሰባት ከስድስት መቶ።

በሁለተኛውም ሐሙስ እንቁላል፣ ያው ኪሎ። በሦስተኛው ሐሙስ እንቁላሉን በልቼ ልጁን ብሰቅለው ሰባት ከአምስት መቶ። ደሜ ፈላ። ባርኖን ከግቢው ጥግ ጎትቼ አፋጠጥኳት።

«አንቺ እናት ነሽ ወይስ የእንጀራ እናት? እንቁላሉን የት ታደርሺዋለሽ? ትሸጪዋለሽ? ደብቀሽ ትበይዋለሽ?»

መሬት መሬት ታያለች።

«ዝም ስትይኝ ልጁ የሚወፍር መሰለሽ? ሁለቱን የቀበርሽው አልበቃሽም?»

ይህን አልኩ፤ በዚህ አፌ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ራሴን መቧጨር ያምረኛል።

በአራተኛው ሐሙስ፣ እንደ ልማዴ ጠግቤ ስወጣ፣ ባርኖ እንስራዋን ይዛ እስከ ምንጩ ተከተለችኝ። አማቷ ከማይሰሙበት ስንደርስ ቆመች።

«አፓ ሳኖባር፣ እንቁላሉ ይጣፍጥዎታል?»

«አዎ፣ እጅሽ ይባረክ።»

«አምስቱም የእሱ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ከዓርብ እስከ ረቡዕ ገብስማዋ የጣለችውን አማቴ ይለቅሙና ዱቄት ዕቃ ውስጥ ይቀብሩታል። ‹ለሳኖባር ጆን› ይላሉ። ለውዙንም እኔ ለኢስታድ ወቅጬ ሳስቀምጥ ለእርስዎ ያነሱታል። ቅቤውንም። ‹ነርሷ ለልጃችን ብላ ዳገት ትወጣለች፤ ባዶ ሆዷን ልትመለስ ነው?› ይላሉ። ቅር አይበልዎት። እኔ መናገር አልፈልግም ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የልጁን መዳኛ አራት ሳምንት ሙሉ እያጣጣምኩ የበላሁት እኔ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የሰደብኩት እናቲቱን።

«እሳቸውንስ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«እኔ? ለእሳቸው?» ብላ ሳቀች። ምራት ለአማቷ እንዲህ ያለ ነገር የምትናገርበት አገር ካለ አድራሻውን ስጡኝ።

ከዚያ በኋላ የሞከርኩት ዘዴ ብዛቱ! ቀርቼ አየሁ። አንዱን ሐሙስ ታችኛው መንደር ምጥ የያዛት ሴት አለች ብዬ ቀረሁ። በቀጣዩ ሐሙስ አሥር እንቁላል ጠበቀኝ። «ያለፈውም ያንቺ ነው፤ ማን ይነካዋል?» አሉኝ። ጾመኛ ነኝ አልኩ። «ይቀበልሽ!» ብለው ሁሉንም በዳቦ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት፣ ለማፍጠሪያ። ከበር ወጣ ብዬ ጥቅሉን ለባርኖ ስሰጣት እንደ እሳት ሸሸችው። ለእንግዳ ተብሎ ደጅ የወጣ ምግብ ወደ ቤት ከተመለሰ በረከቱን ይዞ ይጠፋል፤ ይህን ልጅ ሆኜ እኔም ተምሬዋለሁ። ቆማ ታለቅሳለች እንጂ አትቀበለኝም።

በመጨረሻ በግልጽ ተናገርኩ።

«ቢቢ ሳቭሪ፣ ይህ እንቁላል የልጁ መድኃኒት ነው። ለእሱ ይስጡት።»

«ልጁ ምን ጎደለበት? እናቱ አለች፣ ቤቱ ነው፣ ዳቦ አለው። አንቺ ነሽ መንገደኛዋ።»

«እንግዲያው እሱንም እንግዳ ነው ብለው ይቁጠሩት! የዚህ ቤት ትልቁ እንግዳ ኢስታድ ነው ይበሉና ያብሉት!»

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ይህን ቃል በዚህ ቤት እንዳትደግሚው። ሁለቱ እንግዳ ነበሩ። መጡ፣ ሄዱ። እንደ እንግዳ አቀማጥዬ ነበር ያሳደግኋቸው፤ ማር ሳይቀር አብልቻለሁ። ይሄኛው የቤት ሰው ነው። የቤት ሰው የተረፈውን ይበላል፤ ስለዚህ የትም አይሄድም።»

ምን ትላላችሁ? ሴትዮዋ ለልጁ አልሳሱለትም ማለት ነውር ነው፤ ሌሊት እየተነሱ ትንፋሹን የሚያዳምጡ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም እኔም የምንታገለው እንዳይሄድ ነው። እሳቸው በእሳቸው መንገድ፣ እኔ በሚዛኔ።

አንድ መላ ግን ቀርቶኝ ነበር። በእኛ ዘንድ እንግዳ ከፊቱ ካለው ቆርሶ በገዛ እጁ ለፈለገው ሰው ያጎርሳል፤ ያንን ጉርሻ ማንም እምቢ አይልም፣ ማንም አይከለክልም። በቀጣዩ ሐሙስ ኢስታድን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ከአምስቱ እንቁላል አንድ ንክሻ ብቻ ቀምሼ ሌላውን በየመሃሉ እያሳረፍኩ አጎረስኩት። ለውዙን አጎረስኩት። እርጎውን በጣቴ አስላስኩት። ምሳ ሳይሆን ሥራ ሆነብኝ፤ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ። ባርኖም ያን ቀን ድፍረት አገኘች መሰለኝ፣ ቅቤውን ሰርቃ ገንፎው ሥር መደበቅ ጀመረች፤ ሻዩን ለአማቷ እያሳየች ከጀርባ ትደፋዋለች።

ሰባት ከዘጠኝ መቶ። በሳምንቱ ስምንት ከአንድ መቶ። በሳምንቱ ስምንት ከሦስት መቶ! ያን ቀን ቁልቁለቱን የወረድኩት እየዘፈንኩ ነው። አንድ እረኛ አይቶኝ ነርሷ አበደች ብሎ አስወራ። ያውሩ፤ በረዶው ገና አልጣለም፣ ዘጠኝ ኪሎ እንደርሳለን።

የቢቢ ሳቭሪን ዓይን ግን ልብ አላልኩትም። ሦስት ሐሙስ ሙሉ እጄን ሲከተሉ ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ ገና በሩ ላይ ስደርስ የሥጋ ሽታ ተቀበለኝ። ጓሮው ውስጥ ገብስማ ላባ ነፋስ ያንከባልለዋል።

«ግቢ፣ ግቢ!» አሉኝ እየሳቁ። «ምነው ግን እንደ ሩቅ ሰው? እንቁላል ከሰለቸሽ ሰለቸኝ አይባልም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ለልጅ እየሰጠሽ ስትሸሽው አየሁሽ። አፈርኩኮ። እኔ ሳቭሪ እንግዳዬ የማትወደውን ላቅርብ?»

ዶሮዋ ፊቴ መጣች፣ ሙሉዋን፣ ሽንኩርት ለብሳ። ባርኖ በሩ ላይ ቆማ በሻሿ አፏን ይዛለች። ኢስታድን አጎረስኩት፤ የቻለውን በላ፣ አጥንቱን እየጠባ ሳቀ። እኔ እንባዬ ወረደ።

«ሽንኩርቱ ነው?» አሉኝ።

«ሽንኩርቱ ነው፣ ቢቢ።»

ሲሸኙኝ ትከሻዬን አቅፈው፣ «ለመጪው ሐሙስ እንዳታስቢ። ፍየሏ አለች» አሉኝ።

«ፍየሏ?! ፍየሏኮ የኢስታድ ወተት ናት!»

«በቀን አንዲት ስኒ የምትሰጥ ፍየል ምን ፍየል ናት? እያረጀች ነው። ደግሞ በረዶው መንገዱን ሲዘጋ እስከ ጸደይ አንገናኝም። በባዶ ማዕድ ላሰናብትሽ?»

ያን ሳምንት ምግብ አልበላልኝም። እንቁላሉ ሄዷል። ከእንስሳ የቀረችው ያቺ ስኒ ወተት ናት፤ የተወቀጠው ለውዝ የሚታሽባት፣ ገንፎው የሚቀጥንባት። ሌላ ዶሮ ልውሰድ? ይታረዳል። ሥራ በዛብኝ ብዬ ልቅር? ፍየሏ ታርዳ ሥጋዋ ይጠብቀኛል። እሄዳለሁ ማለት ፍየሏን ማረድ ነው። አልሄድም ማለትም እንዲሁ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ ስገላበጥ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፦ የታመመ ሰው። ነርሷ ታማ ተኝታለች፣ ጭራሽ ዳገት አትወጣም ከተባለ ለማን ያርዳሉ? ረቡዕ ጠዋት በዳቦ መኪናው ሹፌር በኩል ላክሁ፦ «ሳኖባር ትኩሳት ይዟት ተኝታለች፤ እስከ ጸደይ አትጠብቋት።» ልጁን ባርኖ ምንጩ ዘንድ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እዚያ በድብቅ እመዝነዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በራሴ ብልጠት ኮርቼ ሻይ አፈላሁ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሰማዩ እንደ አመድ ከብዶ ሳለ ውጭ አህያ ሲያናፋ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት ቢቢ ሳቭሪ ከአህያ እየወረዱ ነው። ሙሽራ ሆነው ከመጡ ወዲህ፣ እስከ ሰባ ዓመታቸው፣ ከሳንግዳራ ወርደው አያውቁም፤ ለልጃቸው ሽኝት እንኳ አልወረዱም። ከኋላቸው ባርኖ ኢስታድን አዝላ። አልጋዬ ላይ ዘልዬ ብርድ ልብስ ተከናነብኩ።

ገቡ። በሱፍ ሻል የተጠቀለለ ድስት ተሸክመዋል።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሳኖባር ጆን! እኛ ጋ ስትመላለሺ ነው የታመምሽው። ዳገቱ ነው የጎዳሽ» እያሉ አጠገቤ ተቀመጡና ድስቱን ከፈቱት። «ለትኩሳት የፍየል መረቅ የመሰለ መድኃኒት የለም። ማታ እንደሰማሁ ነው ያሳረድኳት።»

ባርኖን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«ቢቢ ሳቭሪ» አልኩ ብድግ ብዬ፣ «አልታመምኩም። በአላህ እምላለሁ አልታመምኩም። ዋሽቼ ነው።»

«ታማሚ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ተኚ።» መልሰው አስተኙኝ። ግንባሬን ነኩኝ፤ ከብርድ ልብሱና ከእፍረቱ የተነሳ እሳት ሆኖ ነበር። «ይኸው! ትቃጠያለሽኮ።»

ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ሥጋ ቀነጠብኩበትና ወደ ኢስታድ ዘረጋሁ። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ አፉን ከፈተ። ከእኔ እጅ መብላት ለምዷል። ቢቢ ሳቭሪ እጄን ቀብ አደረጉት።

«ምን ነካሽ? የታመመ ሰው ማንኪያ ለሕፃን? ‹ሳል ያለበት ሰው ከልጅ ጋር በአንድ ማንኪያ አይብላ› ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ሳይቀር ለጥፌላቸዋለሁ።

ባርኖ ሳትጠየቅ ሚዛኑን ከግድግዳው ችንካር ላይ አውርዳ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠለች። ልጁን መንጠቆው ላይ ራሷ ሰቀለችው፤ እኔ ስሰቅለው አይታ ተምራለች። ቁጥር አታነብም፤ ስለዚህ መርፌው የቆመበትን በጣቷ ይዛ አሳየችኝ። ስምንት ከሁለት መቶ። ከጀርባዋ በመስኮቱ በኩል የመጀመሪያው በረዶ መውረድ ጀምሯል። «ስንት ነው፣ አፓ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት።

«ሳይብስ እንመለሳለን» አሉ ቢቢ ሳቭሪ፣ ማንኪያውን ከድስቱ እየሞሉ። «ብቻ ይህን ስትጨርሺ ልይ።» ኢስታድ ከመንጠቆው ላይ እየተወዛወዘ ማንኪያውን በዓይኑ ይከተላል። አሮጊቷ ራሴን በክንዳቸው ደገፍ አድርገው ወደ አፌ አስጠጉልኝ።

«ብዪ ልጄ፣ ብዪ። ከስተሻልኮ።»

አፌን ከፈትኩ።